የከድሩ ሰገነት ዋኖሶች

ዘመድ ለለቅሶ ሲመጣ እንባ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ምክርም ይዞ ይመጣል። ከድሩ የሞተ ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ነው። እንባው በሳምንቱ ደረቀ፤ ምክሩ ግን እስከ ኅዳር ድረስ እዚያው ሰበታ ተቀመጠ።

ከድሩ ጎረቤቴ ነበር። ጣሊያን በጅማ መንገድ ዳር ሠርቶት የሄደውን የእንጨት ፎቅ ገዝቶ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ አድርጎት ነበር። የእኔና የባሌ የገርባ ቤት ከእሱ ግቢ በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። ጨው ሲያልቅብኝ እጄን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልካለሁ፤ ከወዲያ ወይ ከድሩ ወይ ሚስቱ መብሩካ ይሰጡኛል። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነንና ሥጋችን ለየብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር።

የታኅሣሥ ግርግር በሆነ ዓመት፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ከድሩን ሆዱን ያዘውና ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ገና ጎልማሳ ነበር። መብሩካን ከሁለት ልጆች ጋር ትቷት ሄደ። ትልቋ ጠይባ የወተት ጥርሷ መነቃነቅ የጀመረ፣ ወሬኛ ነገር ናት። ትንሹ ዲኖ ደግሞ ቃል የሚከፈልበት ይመስል አፉን ዘግቶ የሚውል ልጅ ነው።

ሙስሊም ሴት ባሏ ሲሞት ኢዳ ትቀመጣለች። አራት ወር ከዐሥር ቀን ከባሏ ቤት አትወጣም፣ አታጌጥም፣ የጋብቻ ወሬም አይነሳባትም። መጀመሪያ ስሰማ «ይሄማ እስር ነው!» ብዬ ነበር። ኋላ ግን ቀናሁ። እኛ ደረታችንን ደቅተን፣ ጠጉራችንን ተላጭተን፣ ተዝካር አብልተን ስናበቃ በማግስቱ ጎመን ልንሸጥ እንወጣለን። ቁጭ ብለሽ እዘኚ የሚላት ሕግ ያላት ሴት የታደለች ናት።

የከድሩ እናት እማማ ሰይዳ ከወልቂጤ ለለቅሶ መጥተው አልተመለሱም። ከምራታቸው ጋር ሆነው ኢዳውን ሊያስፈጽሙ ነው ተባለ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። የከድሩ አጎቶች ተቀምጠው ቆርጠዋል፤ ኢዳው ሲያልቅ አያቲቱ ልጆቹን ይዘው ወልቂጤ ይገባሉ። «መብሩካ ወጣት ናት፤ ታግባ፣ አንከለክላትም። የከድሩ ልጆች ግን የእንጀራ አባት ፊት አያዩም» አሉ። መብሩካ ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ምራት አማቷን ቀና ብላ አትመልስም፤ ያውም ልጃቸውን የቀበሩ አማት። ሌሊት ልጆቿን ግራና ቀኝ አቅፋ እንደምታለቅስ የነገረችኝ ጠይባ ናት። እኔ በእሷ ፈንታ ከእማማ ሰይዳ ጋር በሆዴ ስከራከር እውል ነበር፤ በሆዴ ስከራከር ደግሞ ተሸንፌ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጥጤንና እንዝርቴን ይዤ ወደ ፎቁ እወጣለሁ። ሰገነቱ በጓሮ በኩል ስለሆነ ከመንገድ አይታይም፤ መብሩካ አየር የምታገኘው እዚያ ብቻ ነው። እሷ ምስር ትለቅማለች፣ እማማ ሰይዳ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔ እፈትላለሁ። ሦስት ሴቶች ተቀምጠን ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር፣ ማናችንም የማናነሳው ያንኑ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ ለእኔ ሕመም ነው።

መስቀል አልፎ ጭቃው ሲጠጥር ሁለት ዋኖሶች መጡ። በሰገነቱ ጥግ ወጋግራው ላይ፣ ከድሩ አዲስ ሚዛን ሲገዛ የጣለው የአሮጌው ሚዛን ሳህን ተቀምጦ ነበር። እሱን ወደዱት። አንዱ ጭራሮ ያመጣል፣ አንዷ ሳህኑ ላይ ቆማ ትቀበላለች። ዋኖስ ቤት መሥራት አይሆንላትም እንጂ መቼም ልበ ሙሉ ናት። ካመጡት ጭራሮ ግማሹ ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ በቀረው መሃል ሳህኑ ይታያል። እንግዳ ቢመጣ የሚያሳፍር ቤት ነበር። ግን ተቀመጡበት።

«በረካ ነው» አሉ እማማ ሰይዳ። «ነቢያችን ዋሻ በገቡ ጊዜ ደጃፉ ላይ ጎጆ ሠርታ ከጠላት የሸሸገቻቸው የዚች ዘመድ ናት።»

«ለኖኅም የወይራ ቅጠል ያመጣችለት የዚችው ዘመድ ናት» አልኩ፤ በወፍ እንኳ ላለመበለጥ።

እማማ ሰይዳ ልጆቹን ጠርተው አስጠነቀቁ። ታዳጊ ቅል ላይ ጣት ሲቀሰር ቅሉ እንደሚበሰብስ ሁሉ፣ ጎጆ ላይም ጣት አይቀሰርም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲኖ ወደ ሰገነቱ ሲወጣ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ነው። ጠይባ ደግሞ በአገጯ መጠቆም ጀመረች።

አንድ ቀን ገርባ ሣር ተሸክሞ ከጓሮ ሲገባ ወደ ላይ አንጋጦ ጮኸ፦ «ጠጅቱ! ጉጌን ሃንቃቁ ቡፍቴ?» ዋኖሷ እንቁላል ጣለች ወይ ማለቱ ነው።

«ሁለት ጥላለች። ይኸው እናቲቱ ከጧት ጀምራ አልተነሳችም፤ ምስኪን!»

«እሱ ወንዱ ነው» አለ ገርባ። «ቀን ወንዱ፣ ማታ ሴቷ ነው የሚታቀፉት። ኢጆሌ፣ ልጆች ሳለን ከብት ስንጠብቅ ስናይ ነው የኖርን።»

«ሂድ ወዲያ! ወንድ እንኳን እንቁላል ልጁንስ መች ያቅፋል! አምስት ልጅ ስወልድልህ አንዱን እንኳ አዝለህ ታውቃለህ?»

እማማ ሰይዳ ሳቁ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ገርባ ግን እውነቱን ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሌላዋ መጣች፤ የተቀመጠው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላትና ክንፉን አፍታቶ በረረ። ፈረቃ እንደሚቀይሩ ዘበኞች።

«ከድሩም ያቅፍ ነበር» አለች መብሩካ፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ። «ዲኖ ትኩሳት የያዘው ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ በደረቱ አንጠልጥሎት እዚሁ ላይ ሲመላለስ ነው ያደረው።»

እማማ ሰይዳ ፊታቸው ላይ የቀረው ፈገግታ ጠፋ። ሁለቱም አለቀሱ፤ ግን በየጥጋቸው። አንዷ ሌላዋን ብትይዛት ምን ነበረበት ብዬ ተናደድኩ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። መልካቸው አይነሳ፤ ዓይናቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የተሸበሸበ፣ ሽማግሌ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። አበላላቸው ግን የሚገርም ነው። እንደ ሌላ ወፍ አፋቸውን ከፍተው አይጠብቁም፤ ጭንቅላታቸውን ወላጃቸው አፍ ውስጥ ከተው ከጉሮሮው ይጠጣሉ። ጠይባ ይህን ስታይ «በላቻቸው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከሰገነቱ አይወርዱም። እማማ ሰይዳም የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ ምንጣፋቸው ላይ የሚቀመጡት ወደ ጎጆው ዞረው ሆነ። ቤቱ ውስጥ ወሬ ተገኘ፦ ዛሬ ላባ አወጡ፣ ዛሬ ትንሹ ትልቁን ረገጠው። መብሩካ ሳትቀር አንዳንዴ ፈገግ ትል ጀመር። እኔ ኢዳው ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ጭልፊቱ መጣ።

በቀትር ነው። ከባሕር ዛፋችን ጫፍ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወረደ። ከጎጆው ተነስቶ የሰገነቱን አጥር ያላለፈውን ዋኖስ በአየር ላይ ያዘው። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። የተሰጣው ልብስ ላይ ላባ ብቻ ዘነበ። «ወሰደው» አለ ዲኖ። በሰው ፊት ሲናገር ከሰማሁት ጥቂት ቃላት አንዱ ነው።

አመሻሹ ላይ ሴቷ መጣች። ቦታውን የሚለቅላት ጠፋ፤ ወዲያ ወዲህ አለችና ጫጩቶቿ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ጧት የሚተካት እስኪመጣ ጠበቀች። ጠበቀች። ፀሐይ ሲበረታ ረኃቡ አስነሳትና ጫጩቶቹን ራቁታቸውን ትታ ወጣች። እስክትመለስ ድረስ ዓይናችን ከሰማዩ ላይ አልወረደም።

«አንዷ ሁለት አታሳድግም» አሉ እማማ ሰይዳ መቁጠሪያቸውን እያሻሹ።

ስለ ወፏ ነው የተናገሩት፤ ግን ሁላችንም ሌላ ነገር ሰማን። የመብሩካ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። እኔ ነገር በምሳሌ አይሆንልኝም፤ ፊት ለፊት «ለምን አታሳድግም?» አልኩ።

«ስትወጣ ማን ያሞቃቸዋል? ስትቀመጥ ማን ያበላቸዋል? ክፋት አይደለም ጠጅቱ። አንድ ክንፍ ለሁለት አይበቃም።»

እንዝርቴን አነሳሁ። የእሳቸውም እውነት ነበረና።

ኅዳር ሲገባ የሰበታ ውርጭ በጧት ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። አንድ ማለዳ ገና ቁርስ ሳልበላ ጠይባ በአጥሩ ቀዳዳ «እትዬ ጠጅቱ፣ ቶሎ ነይ!» ብላ ጠራችኝ። ስወጣ ሳህኑ ባዶ ነው። ጭልፊቱ ደግሞ መጣ ብዬ ልጮህ ስል እማማ ሰይዳን በክፍሉ ውስጥ ምድጃው አጠገብ አየኋቸው። ፊታቸው ቅርጫት አለ። ቅርጫቱ ውስጥ ጫጩቶቹ አሉ። ጫጩቶቹ የተኙት ደግሞ እኔ ሳምንት ሙሉ ነድፌ አዘጋጅቼ እዚያው ባስቀመጥኩት ባዘቶ ላይ ነው!

«ባዘቶዬን!» አልኩ።

«ባዘቶሽን እተካልሻለሁ። ለንጋቱ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ አየኋቸው፤ ተጣብቀው ይንቀጠቀጣሉ። እሷ ወጥታለች። ትቼ ልስገድ? አልቻልኩም።» ቂጣ አላምጠው በጣታቸው ጫፍ ወደ አንዱ አፍ አስጠጉ። ጫጩቱ አፉን አልከፈተም። ወደ ሌላው አስጠጉ፤ እሱም ዞረ። «አምስት ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ሁለት ወፍ ያቅተኛል?» አሉ።  ጫጩቶቹ ሞቋቸዋል፤ ባዘቶው እንደ ደመና ነው፤ ቂጣው የስንዴ ነው። ግን ሲር ሲር እያሉ ያለቅሳሉ። እናቱ የሞተችበትም፣ እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል የሚባለው ለካ ለወፍም ነው።

ያን ጊዜ ዋኖሷ መጣች።

ሰገነቱ ላይ አርፋ ወደ ሳህኑ ዘለለች። ባዶውን ሳህን አየች። ዘወር ብላ ከታች ወለሉን አየች። ወደ አጥሩ በረረች፤ ተመልሳ መጣችና ባዶው ጭራሮ ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፤ ደግሞ ቁጭ አለች። ልጆች ካሉ ሊሞቁ ይገባል የሚል ነገር ነው እንዲህ የሚያደርጋት። ከዚያ የሠራችውን በሕይወቴ አልረሳውም። ወለሉ ላይ ወርዳ፣ አንገቷን እየሰበቀች፣ በእግሯ እየሄደች በክፍሉ በር ገባች። ሰው የምትፈራ የዱር ወፍ እኛ ተቀምጠን ሳለ ደጃፉን አለፈች። የልጆቿን ድምፅ ሰምታ ነው።

 እማማ ሰይዳ ጣታቸው ላይ ቂጣው እንዳለ ደርቀው ቀሩ።

መብሩካ ተነሳች። ወፏ ደንግጣ ወጣችና አጥሩ ላይ ቆመች። መብሩካ ቅርጫቱን ከአማቷ ፊት አነሳችው። አልጠየቀችም፤ ይቅርታም አላለችም።  «እማዬ፣ እናታቸው መጥታለች» አለች። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ሳህኑ ላይ መልሳ ወደ ኋላ ሄደች። ዋኖሷ ጊዜም አልወሰደችም፤ ወጣችባቸው፣ ላባዋን ነፍታ ሸፈነቻቸው። ሲር ሲሩ ቆመ።

እማማ ሰይዳ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሌሎቹ ወደ ጓዳ ሲገቡ እኔን አስቀሩኝ።

«በርዷቸው ነበር ጠጅቱ። ዋሽቻለሁ?»

«አልዋሹም እማማ ሰይዳ። በርዷቸው ነበር።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ምላሴ ረጅም ነው፤ አገር ያውቀዋል። አራት ወር በሆዴ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝ። እኒህ ሴትዮ አሳዘኑኝ፤ እንዲህ ያሳዝኑኛል ብዬም አስቤ አላውቅም።

«ሴቶቹን ድሬያቸዋለሁ» አሉ። «ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ዲኖ ሲተኛ አየሽው? እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎ፤ ከድሩ ነው። ለአጎቶቹ እሺ ያልኩት ለልጆቹ ብዬ እንዳይመስልሽ። ቤቴ ባዶ ነው። ስገባ ገባሽ፣ ስወጣ ወጣሽ የሚለኝ የለም። አንድ የሚያሞቀኝ ነገር ይዤ ልግባ አልኩ።»

እጃቸውን ያዝኩ። ቂጣው አሁንም ጣታቸው ላይ ደርቆ ነበር፤ በነጠላዬ ጠረግኩላቸው።

ዋኖሷ እንዴት እንዳደረገችው አላውቅም፤ አሳደገቻቸው። ከስታ ላባዋ ሳሳ፤ አንዳንድ ቀን አርፋ ሳለ ዓይኗ ይከደናል። መብሩካ ጥሬ ስትበትንላት ሩቅ አትሄድም ነበርና እሱ ረድቷት ይሆናል። ገርባም ምንም ሳይል ከተፍኪ ጠመንጃ ያለው ዘመዱን አምጥቶ ጭልፊቱን ከባሕር ዛፉ አስነሳው። እሱ ደግሞ አይናገር እንጂ የሚሠራው ያስደስተኛል። ጫጩቶቹ አንድ ጧት አጥሩ ላይ ወጥተው ቆሙ፤ ትልቁ በረረ፤ ትንሹ እስከ ቀትር ሲፈራ ቆይቶ ተከተለ። ጠይባ ጮቤ ረገጠች። ዲኖ ግን እጁን ከብብቱ አውጥቶ አውለበለበላቸው።

የኢዳው ማብቂያ ደረሰ። መብሩካ ታጠበች፣ ንጹሕ ልብስ ለበሰች። የዚያኑ ጧት እማማ ሰይዳ ጓዛቸውን ይዘው ወደ መንገድ ወጡ። እኔ ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ ቆጠርኩ፤ የተሸከሙት አንድ ጥቅል ነው። የልጆቹ የለበትም። ሮጥኩ።

የጅማው አውቶቡስ ቆሟል፤ ጥቅሉ ጣሪያው ላይ ተጭኗል። እማማ ሰይዳ ልጆቹን አገላብጠው ሳሙ። ለመብሩካ «ልጆችሽን ያዢ» አሏት። «ሱቁንም ክፈቺ። ለአጎቶቹ የምለውን እኔ አውቃለሁ።» መብሩካ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። አንስተዋት፣ ፊታቸውን አዙረው ወደ አውቶቡሱ ገቡና በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ወደ እኛ አላዩም፤ ፊት ለፊት ወደ ሹፌሩ ጀርባ ነበር የሚያዩት።

እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አራት ወር ሙሉ ይሄዱልኝ ዘንድ የተሳልኩት ስለት ደረሰ። ሞተሩ ተነሳ። ያን ጊዜ መብሩካ ልጆቹን ትታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከኢዳ ከወጣች ገና አንድ ሰዓት አልሆናት፤ መንገድ ሙሉ ወንድ ቆሞ ያያታል። ቀና ብላ አማቷን ዓይን ለዓይን አየቻቸው።

«እማዬ፣ ይውረዱ።»

«ልጆቹን ሰጠሁሽ፤ ቤቱን ሰጠሁሽ። ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«እርስዎ ቀሩኝ።»

 «ወልቂጤ ቤት አለኝ» አሉ።

«ማን አለበት?»

 ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። መብሩካ የመስኮቱን ጠርዝ ይዛ አብራ ትሄዳለች፣ ጠይባና ዲኖ የእሷን ቀሚስ ይዘው ይከተላሉ። የማደርገውን አላውቅም ነበር። ነጠላዬን ጥዬ መንገዱ መሃል ገባሁ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ አውቶቡሱ ፊት ቆምኩ።

«አቁም!» አልኩት። «ያንን ጥቅል አውርድ!»

«ሴትዮ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ? ባለቤቷ ሳትወርድ?» አለ ሹፌሩ ፍሬን ይዞ።

«ይወርዳሉ! አውርድ አልኩህ!»

የሱቁ ደንበኛ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ ገርባ ከነማጭዱ፣ ሰበታ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ሰውየው እየተሳደበ ጣሪያው ላይ ወጣ። ጥቅሉ አፈር ላይ ወደቀ። በሩ ተከፈተና እማማ ሰይዳ በጎናቸው፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ወረዱ። ዲኖ ሄዶ ሌላ እጃቸውን ያዘ። ከመብሩካ በፊት፣ ከልጆቹ በፊት፣ ቀጥ ብለው የመጡት ወደ እኔ ነው።

«አንቺ ምላሰ ረጅም!» አሉኝ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ!» አንገቴን አንቀው እያለቀሱ።